ልጅን ወደ እጅ ሥራ ትምህርት ስለ መስደድ

ልጅን ለከፍተኛ ትምህርት ማብቃት የወላጅ ሁሉ ምኞት ነው። ነገር ግን በምሠራበት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አንድ የጽሕፈት ቦታ ክፍት በሆነ ቁጥር ዲግሪ የያዙ ወጣቶች ደጃፉን ሞልተው ሲቆሙ አያለሁ፤ የዚያው ደጃፍ የተሰበረ መዝጊያ ግን የሚጠግነው ሰው ታጥቶ ወር ሙሉ በገመድ ታስሮ ይከርማል።

በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የገቡበት እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። ይህም ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም ለ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3 ነጥብ 3 ብቻ ነበሩ። የቀሩትስ ወዴት ይሂዱ?

ከቀሩት አንዱ በባሕር ዳር የምትኖረው እኅቴ ልጅ ነበረ። ልጁ ብየዳ ልማር ባለ ጊዜ እናቱ ደውላልኝ፥ «ወንድም ጋሼ፥ ልጄን ባለእጅ ላደርገው ነውን? የአንገቴን ወርቅ ሸጬ በግል እንደገና ይፈተን» ብላ አለቀሰች። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ በዐዋጁ ከተቆጠሩት ተሰዳቢዎች አንዱም ጸሐፊ እንደ ነበረ ለእኅቴ ነገርኋት። እርስዋ ግን እንባዋን አላቆመችም።

በውነቱ ዕውቀትና እጅ በኛ ዘንድ ተለያይተው አልኖሩም። እኔ ፊደል በቈጠርሁበት ደብር የኔታ ብራና ፍቀው፥ ቀለም በጥብጠው፥ ብርዕ ቀርጸው ይጽፉ ነበር፤ ማንም ሊቅነታቸውን አልተጠራጠረም። ኋላም በገባሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ አናጢነት ስለ ነበረ፥ ዛሬ የተቀመጥሁበትን ወንበር እግር የተከልሁት እኔው ነኝ።

ነገሩን የጨረሱት የልጁ አያት ናቸው። እሳቸው በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በተከፈተው በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምረው፥ በከተማው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና መኪና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አካል ሆኗል። ሽማግሌው ምራታቸውን ጠርተው፥ «ይህ የተቀመጥሽበት ቤት እጄ ቅባት እየነካ አይደለምን የተሠራው?» አሏት። ወርቁም ሳይሸጥ ቀረ።

ይህን ስል የእጅ ሥራ ትምህርት ቤቶቻችን ሙሉ ናቸው ማለቴ አይደለም። ልጁ በገባበት ኮሌጅ ለሃያ ተማሪ የነበረው የብየዳ መኪና አንድ ብቻ ነው፤ ኤሌክትሮድ ባለቀ ጊዜ ደግሞ ብየዳን በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተማሩ። ሥራውን በውል የለመደው ለተግባር ልምምድ ከአንድ የብረታ ብረት ቤት ተልኮ፥ ባለቤቱ እየተቈጣ ላሜራ ሲያስቆርጠው፥ ሞርሳ ሲያሳስረው፥ የጣመመውን መልሶ ሲያስፈታው ነው። በእኔ አስተያየት ከአንድ አዲስ የኮሌጅ ሕንፃ ይልቅ እንዲህ ያሉ ቁጡ ባለሙያዎች ሠልጣኝ የሚቀበሉበትን ሥርዓት ማስፋት ይጠቅማል፤ ለሚያጠፉት ብረትና ጊዜም ድጎማ ይገባቸዋል። አለዚያ ሠልጣኝ ሸክም ብቻ ነውና ማን ይቀበለዋል? ደግሞ በያጅ የሆነ ሰው እንደ ገና መማር ቢሻ እስከ ዲግሪ የሚያደርሰው መንገድ ሰፊ ሊሆን ይገባል።

ልጁ የብቃት ምዘናውን አልፎ ዛሬ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር በርና መስኮት ይሠራል። ዘንድሮ ለጋብቻ ሽማግሌ ስንልክለት፥ ከመካከላችን አንዱ፥ «መሐንዲስ ነው እንበል፤ ማን ይመረምረናል?» አለ። ልጁ ይህን ሰምቶ፥ «በያጅ ነው በሉ፤ ከፈለጉ በራቸውን አይተው ይፍረዱ፥ እኔ ነኝ የሠራሁት» አለን። እኛም እንደ ነገረን ተናገርን። የልጅቱ አባት ወደ በራቸው ዘወር ብለው አዩ፤ ነገር ግን ወዲያው እሺ አላሉም፥ ከዘመድ ተማክረው መልስ ሊሰጡን ለሁለት ሳምንት ቀጠሩን።