ዕጣና ድምጽ

በኛ ዘንድ ዕጣ የሚጣለው አድልዎ እንዳይኖር ነው። ዕቁብ የሚወጣው በዕጣ፣ የቅርጫው መደብ የሚነሣው በዕጣ፣ የኮንዶሚኒየም ቤት የሚታደለውም በዕጣ። ሐዋርያት እንኳ በይሁዳ ቦታ ማትያስን የጨመሩት ዕጣ ጥለው ነው። ዕጣ እንግዲህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ሕዝብ ተሰልፎ ድምጹን ከሰጠ፣ ድምጹም ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ የምክር ቤት ወንበር በዕጣ ሲወሰን ያየሁት እዚህ ቨርጂንያ መጥቼ ነው። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ነገሩ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም፤ ከናንተም ጋር ልጫወተው ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

መቸም ከመካከላችን ስለ ዋሽንግተኑ ምክር ቤት የማያወራ የለም። ስለ ሪችመንዱስ? የቨርጂንያ ሕግ አውጪ ሁለት ቤት አለው። ላይኛው ሴኔት 40 መቀመጫ ሲኖረው፣ ታችኛው፣ እነሱ «ሃውስ ኦፍ ደለጌትስ» የሚሉት፣ 100 መቀመጫ አለው። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1619 ጄምስታውን ላይ ከተሰበሰበው ጉባኤ ይቆጠራል። አባሎቹ የሚመረጡት ለሁለት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ምርጫውም ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት በጎደሎው ዓመት ይውላል። ከበሮ የለ፣ ጡሩምባ የለ፤ ብዙ ሰው ሳይሰማ ያልፋል። ነገር ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚያገኙት ገንዘብ፣ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ፣ የተከራይና የአከራይ ሕግ፣ ድሀ ሐኪም ቤት ሲሄድ ማን ይከፍልለታል የሚለው ሁሉ የሚቆረጠው እዚያ ነው። ጓዳችን የሚገባው ሕግ ከዋሽንግተን ይልቅ ከሪችመንድ ይመጣል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከኅዳር 7 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) ምርጫ በፊት በታችኛው ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች 66፣ ዲሞክራቶች 34 ነበሩ። ድምጹ ሲቆጠር ዲሞክራቶቹ 15 መቀመጫ ነጠቁ። ቀሪው ነገር ሁሉ በኒውፖርት ኒውስ ከተማ ባለው በ94ኛው የምርጫ ክልል ላይ ተንጠለጠለ። መጀመሪያ ወንበሩን የያዙት ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ በ10 ድምጽ መሩ ተባለ። ታኅሣሥ 19 ቀን እንደገና ሲቆጠር ዲሞክራቷ ሼሊ ሲመንድስ በአንድ ድምጽ አሸነፉ፤ 11,608 ለ11,607። በማግሥቱ ሦስት ዳኞች ተሰይመው አንዲት የተጣለች ወረቀት መረመሩ። መራጩ የሁለቱንም ተወዳዳሪዎች ክብ አጥቁሮ፣ በሲመንድስ በኩል ባለው ላይ አንድ ጭረት አስምሮበታል። ዳኞቹ «ይህ ሰው የፈለገው ያንሲን ነው» ብለው ፈረዱ። 11,608 ለ11,608 ሆነ!

የቨርጂንያ ሕግ እኩል ለእኩል ሲሆን ዕጣ ይጣል ይላል። ጥር 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ላይ የሁለቱ ስም በሁለት ትንንሽ የፎቶ ፊልም መያዣዎች ውስጥ ተከትቶ፣ አንድ የሸክላ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ገባ። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ ጄምስ አልኮርን እጃቸውን ሰደው አንዱን አወጡ። ያንሲ! ምክር ቤቱ 51 ለ49 ሆኖ በሪፐብሊካኖች እጅ ቀረ። ሌላው መያዣ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ 50 ለ50 ይሆን ነበር።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሳሕኑ አይደለም። ያ ስሙን የማናውቀው፣ እስክሪብቶ ይዞ ያመነታው መራጭ ነው። ከ23,000 በላይ ሰው ድምጽ በሰጠበት ክልል፣ የሚሊዮኖች ጉዳይ በእሱ አንዲት ጭረት ላይ ቆመ። እሱ ራሱ ሲሰማ ምን አለ ይሆን? እቤቱ የቀረውስ ጎረቤቱ?

አክስቴን ይህን ሳጫውታት አልተደነቀችም። እቴቴ አሌክሳንድርያ ነው የምትኖረው፤ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞረች በሰዓት ክፍያ ትንከባከባለች። ዜግነት ካገኘች ቆይታለች። የሌላውን እናትና አባት ደም ግፊት ስትለካ ትውላለች እንጂ ለራሷ ስኳር በሽታ መታከሚያ ዋስትና አልነበራትም። መድኃኒቱን ከፍላ እንዳትገዛው ቤት ኪራይ አለ፤ እንዳትተወው ነፍስ ናት። ስለዚህ ለአንድ ወር የተሰጣትን ለሁለት ወር ታብቃቃዋለች።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ያለሁበት ክልል ማን እንደሚያሸንፍ ዓመት ሙሉ ሲታወቅ ይከርማል» አለችኝ። «የኔ ድምጽ አዋሽ ላይ እንደ ፈሰሰ አንድ ጣሳ ውሃ ነው። ደግሞስ ከነሱ ማን ስለኔ ስኳር ያስባል?»

ንግግሯ ከንቱ አልነበረም። ድምጽ ሁሉ እኩል አይመዝንም። የምርጫ ክልል ካርታ የሚስሉት ራሳቸው ተመራጮቹ ሲሆኑ፣ መራጭ ተወካዩን መምረጡ ይቀርና ተወካዩ መራጩን ይመርጣል። በ2018 የፌዴራል ፍርድ ቤት ከ100ዎቹ ክልሎች 11ዱ ጥቁሮችን በዘራቸው እየለዩ አንድ ላይ በማጎር የተሳሉ ናቸው ብሎ ሽሯቸዋል። በዚያው በ2017 ምርጫ በ28ኛው ክልል 147 ያህል ሰዎች የሌላ ክልል ወረቀት ተሰጥቷቸው ነበር፤ አሸናፊው የበለጠው ግን በ73 ድምጽ ነው። እንግዲህ ቆጠራው ሁሉ የተቀደሰ ነው የሚል ካለ ይህን ይመልከት።

ነገር ግን ሌላም ፊት አለው። በነዚያ በ11ዱ ክልሎች ላይ በ2014 ክስ የመሠረቱት 12 መራጮች ናቸው። 12 ሰው! አንድ የዕቁብ ማኅበር እንኳ አይሞላም። ጉዳያቸው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ የ2019 ምርጫ በአዲስ ካርታ ተካሄደ። ሲመንድስም በዚያ ዓመት ያንሲን ዳግመኛ ገጥመው፣ ያለ ሳሕን፣ ያለ ዕጣ አሸነፉ።

የአክስቴስ ስኳር? ያ ምክር ቤት ለድሀው የሚሆነውን ሜዲኬድ የተባለ የሕክምና ዋስትና ማስፋፋቱን ለዓመታት ሲገፋው ኖሯል። ልጅ የማታሳድግ፣ አካል ጉዳተኛ ያልሆነች ጎልማሳ የቱንም ያህል ብትደኸይ አይደርሳትም ነበር። ከ66 ወደ 51 የወረደው ክፍል ግን ፍርሐት ገባውና፣ በግንቦት 2018 ከሪፐብሊካኖቹም ጥቂት የማይባሉ ከዲሞክራቶቹ ጋር ድምጽ ሰጥተው ሕጉ አለፈ። ከጥር 2019 ጀምሮ እስከ 400,000 ለሚደርስ ሰው በር ተከፈተ። አንዷ አክስቴ ናት። ካርዷ በፖስታ የመጣ ቀን ለሁለት ወር ያብቃቃችውን መድኃኒት ጠርሙስ አንሥታ ጣለችው። እኔን ግን «እነሱ አይደሉም፤ እመቤቴ ናት» ነው ያለችኝ። ምን ልበላት?

እኔ ከዚህ የተረዳሁት ይህ ነው። ዕጣው ለያንሲ ወጣ፤ ሕጉ ግን አለፈ። ያሳለፉት እጃቸውን ሳሕን ውስጥ የሰደዱት ሰውዬ ሳይሆኑ፣ በየክልሉ ዝናብና የሥራ ፈረቃ ሳይሉ የተሰለፉት ናቸው። የተሸነፈውም ድምጽ ቢሆን የልዩነቱን መጠን ያጠብባል፤ ጠባብ ልዩነት ደግሞ ተመራጭን እንቅልፍ ይነሳል። አክስቴ ጣሳ ውሃ ያለችው ነገር አዋሽን ባይሞላም ዳርቻውን ያርሳል።

በዕቁብ ዛሬ ዕጣ ያልወጣለት ነገ ይወጣለታል፤ ገንዘቡን እየጣለ እስከ ቆየ ድረስ። ሳይጥል ግን ዕጣ የሚጠብቅ ዕቁብተኛ አይቼ አላውቅም። በ2025 ምርጫ ይኸው ምክር ቤት 64 ለ36 ሆኗል፤ ነገ ደግሞ ይገለበጥ ይሆናል። ከመካከላችን ዜግነቱን ይዞ በጎደሎው ዓመት «እኔ ፖለቲካ አልወድም» እያለ ቤተ መጻሕፍት የሚሸሸግ ብዙ ነው። ፖለቲካን አለመውደድ መብቱ ነው። ስኳር ያለባት አክስት ካለችው ግን፣ ወይም የትምህርት ክፍያው በየዓመቱ ከወዴት እየመጣ እንደሚጨምር ከቸገረው፣ የምርጫ ጣቢያው ከቤተ መጻሕፍቱ ብዙም አይርቅም።

አክስቴ አሁን ድምጽ ትሰጣለች። ማንን እንደምትመርጥ ግን ለኔም አትነግረኝም።