ፕላስቲኩ ሳይቀደድ

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የተከልኳቸው ችግኞች ሳይጸድቁ የቀሩት በእኔ ጥፋት ነው። ከብት ረግጧቸው፣ ውሃ አጥሯቸው ይሆናል የሚሉኝ አሉ፤ ለሌሎቹ ይሆን ይሆናል። የእኔዎቹ ግን ጉድጓድ የገቡት ከነጥቁር ፕላስቲካቸው ነው።

ሳላውቅ አይደለም። ፕላስቲኩ ተቀዶ፣ አፈሩ ሳይፈርስ እንዲተከል ጠዋት ተነግሮናል። ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጀሞ ወዲያ ባለው ዳገት ላይ የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን ወጥተናል፤ አገሩ በአንድ ቀን 200 ሚሊዮን ችግኝ ሊተክል ተነሥቷል። ደስታዬ የውሸት አልነበረም፤ ዛሬም አልክደውም። ግን የተደሰትኩት በችግኙ ሳይሆን በእኛ ነበር። ሌላው ክፍል ሳይቀድመን እንጨርስ ብዬ መቅደዱን ተውኩት።

ከዚህ የሚብስም አለ። አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ቆመው ሲያዩን ቆዩና «ልጄ፣ በጋውን ማን ያጠጣዋል?» አሉኝ። «አባባ፣ እባክዎ አያሟርቱ» አልኳቸው። እኔን በምንም አልነኩኝም፤ የሁላችንን ክብር የነኩ መስሎኝ ነው የተቆጣሁት። ስለ ብዙዎች መቆጣት ደግሞ ትክክለኛ የሆንክ ያስመስልሃል። ማታ መንግሥት ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን ሲያስታውቅ ሽማግሌውን የረታኋቸው መሰለኝ።

የካቲት ላይ በዚያ ሳልፍ ወደ መስመራችን ጎራ አልኩ። የደረቀ ችግኝ ይዤ ብስበው ሳይታገለኝ ተነቅሎ መጣ። ፕላስቲኩ አልተቀደደም፤ ሥሩ መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ዞሮ ተጠምጥሟል። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «የሌላ ሰው ይሆን?» የሚል ነበር። ያኔ ነው ራሴን ያየሁት፤ ኩራቱን ከአገር ጋር ተካፍዬ፣ ጥፋቱን አጠገቤ ለነበረ ባልደረባ ልሰጥ ስፈልግ። የእኔ ባይሆን እንኳ የእኔዎቹ ከዚያ አይሻሉም ነበር።

ኩራቱን ግን አልጠላሁትም። ያን ሁሉ ሰው ጭቃ ለጭቃ ዳገት ያወጣው እሱ ነው፤ ከዳገቱ ስንወርድ ግን አብሮን ወረደ። ስንት እንደተተከለ ሁላችንም በቃል ያዝን፤ ስንቱ እንደጸደቀ እኔም አልጠየቅሁ።

ይህን የምጽፈው ይቅር እንድትሉኝ አይደለም። በመጪው ክረምት ከባልደረቦቻችሁ ጋር ለመትከል የምትወጡ ግን፣ በጋውን ማን እንደሚያጠጣ በስም ሳትስማሙ አትበተኑ።