የአርቱር ራምቦ የቅኔ መንፈስ

ከፈረንሳይ ባለቅኔዎች መካከል እንደ አርቱር ራምቦ ፈጥኖ የወጣ፣ ፈጥኖም የወረደ ማግኘት ያስቸግራል። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1854 ዓመት ሻርልቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1869 ገና የ14 ዓመት ተማሪ ሳለ በላቲን ግጥም ውድድር አንደኛ ሆኖ ተሸለመ፤ በቅኔ ቤት ግእዝ እንደ ሆነ ሁሉ በዚያ ሀገር ላቲን የሊቅነት መፈተኛ ነበረና። በ1871፣ ባሕር በዐይኑ ሳያይ፣ ስለ ሰከረች መርከብ ረዥም ግጥም ጽፎ በፓሪስ ወደሚኖረው ወደ ባለቅኔው ፖል ቬርሌን ሄደ። ሊቃውንቱ በግጥሙ ተደነቁ፤ በጠባዩ ግን ተማረሩ።

በ1873 ቬርሌን ሰክሮ በብሩክሴል ተኵሶ የእጁን አንጓ አቈሰለው፤ ስለዚህም ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። በዚያው ዓመት ራምቦ በሲኦል ስላሳለፈው ወራት የተረከበትን መጽሐፍ አሳተመ። ጥቂት ቅጂ ብቻ ወሰደ፤ ዋጋውን አሟልቶ ስላልከፈለ የቀረው በአታሚው መጋዘን ተከምሮ ቆየ። በኋላ መጽሐፉን ሁሉ ራሱ በእሳት አቃጠለው ተብሎ ተወራ፤ ክምሩ በ1901 በተገኘ ጊዜ ወሬው ሐሰት ሆነ። ከ1875 ወዲህ ግን ግጥም እንደ ጻፈ አይታወቅም።

በ1880 በዓደን ለአንድ የፈረንሳይ ነጋዴ ተቀጥሮ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ሐረር ገባ። ከዚያ ወደ ቤተ ሰቡ የሚልከው ደብዳቤ ስለ ብረት ማቅለጥ፣ ስለ ጉድጓድ መቆፈርና ስለ አናጢነት የሚያስተምር መጽሐፍ ግዙልኝ የሚል ነበረ። በ1886 የቀድሞ ጽሑፎቹ በፓሪስ መጽሔት ታትመው ወጣቶች ሲሻሙባቸው፣ ደራሲው በታጁራ ጠመንጃ የሚጭንበት ግመል አጥቶ ይጠባበቅ ነበረ። በ1887 ጠመንጃውን ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ለነበሩት ለምኒልክ አስረከበ፤ የሞተው ሸሪኩ ዕዳ ተቀናንሶበት ያሰበውን ትርፍ አላገኘም።

ብዙዎች የቅኔ መንፈስ ተለየው ይላሉ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል አይመስልም። ቅኔ የሚዘርፍ ሊቅ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ አይደግምም፤ ዕለት ዕለት የሚያቀርበው ማሕሌት አለና ለነገም ይተጋል፤ ቅኔውም ዓለምን ባይገለብጥ አያዝንም። ራምቦ ግን በጐልማሳነቱ ቅኔ የሰውን ኑሮ ከሥሩ የምትለውጥ ኃይል ናት ብሎ ተቀበላት፤ ኑሮው እንደ ነበረ በቀረ ጊዜ እንደ ሐሰተኛ ምስክር ከደጁ አባረራት። በዓደን አሠሪው ስለ ጥንቱ ዝናው ሲያነሣበት እንኳ ይቈጣ ነበረ ይባላል።

በ1891 ጕልበቱ አብጦ መራመድ ቢሳነው፣ 16 ሰዎች በቃሬዛ እየተፈራረቁ ከሐረር እስከ ዘይላ ወረዱበት። በማርሴይ ሐኪም ቤት እግሩ ተቈረጠ፤ በሽታው ግን አልቆመም። ኅዳር ወር በኤውሮጳ አቆጣጠር በገባ በ9ኛው ቀን፣ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ በትኩሳት እየቃዠ ለእኅቱ የመጨረሻውን ጽሑፉን አስጻፋት። ግጥም አልነበረም፤ ለመርከብ ሹም የተላከ ደብዳቤ ነበረ። የዝሆን ጥርስ በየጭነቱ ይቈጥራል፤ ቀጥሎም ወደ መርከቡ ተሸክመው የሚወስዱት በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ይጠይቃል።