የአባቱ ስም ማነው?

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። ስለ ዛፍ የማውቀውም ገጣሚዎች የነገሩኝን ያህል ነበር። በግጥም ውስጥ ዛፍ ጥላ ነው፤ ተስፋ ነው፤ አንዳንዴም አገር ነው። ሲቆረጥ በየት በኩል እንደሚወድቅ ግን አንድም ገጣሚ ነግሮኝ አያውቅም። እሱን የተማርኩት ሸነን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ አንድ ማታ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ያቺን ገንዘብህን ባንክ አስቀምጠህ ከምታስበላት ለምን ሥራ አንሠራባትም?» ባለኝ ጊዜ በጀመረው ጣጣ ነው።

ሸነን በምዕራብ ሸዋ የጅባት ወረዳ ከተማ ናት። የወንድሜ ሐሳብ ቀላል ነበር። ገበሬው ባሕር ዛፍ አለው፤ መቁረጫና ማጓጓዣ ግን የለውም። አምቦ ከተማ ውስጥ ደግሞ አባቶች የተከሉት ባሕር ዛፍ አድጎ በቤት ጣራና በመብራት ሽቦ ላይ ተጋድሟል፤ ባለቤቱ ሌሊት ንፋስ በተነሳ ቁጥር እንቅልፍ የለውም። እኛ መጋዝና መኪና እንገዛለን፤ ሰው እንቀጥራለን፤ የገጠሩን እንቆርጣለን፤ የከተማውን እየከረከምን እናወርዳለን። «ዝግባና ጥድ፣ ዋንዛና ኮሶስ?» አልኩት፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ እነዚህን ለይቶ እንደጠበቃቸው አንብቤ ስለነበር። «ኧረ ጋሼ፣ እኛ ባርገሞ እንጂ ሌላ አንነካም!» አለ። ባርገሞ የባሕር ዛፍ የኦሮምኛ ስሙ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡን የወደድኩት ታሪኩ ስላማረኝም ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት አዲስ ዓለም ዋና ከተማ ልትሆን ነበር። አዲስ አበባ ማገዶ ቢያልቅባት ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደዚያ ለመዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ቶሎ አድጎ ማገዶውንም ማገሩንም ሰጠ። ከተማዋ ከቦታዋ ሳትነቀል ቀረች፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አፈር ያደርቃል፣ ውኃ ይጠጣል ተብሎ የሚወቀሰው ይህ እንግዳ ዛፍ ለምዕራብ ሸዋ ገበሬ ዛሬ ባንኩ ነው። ልጅ ሲዳር ይቆረጣል፤ ሰው ሲታመም ይቆረጣል፤ ጉቶው ደግሞ መልሶ ያቆጠቁጣል። እንዲህ ያለ ባንክ የት ይገኛል?

መጀመሪያ የገዛነው የሞተር መጋዙን ነው። መርካቶ ሁለት ቀን ዞርን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ ብር በላይ ወጥቷል። የጀርመን ይሁን የስዊድን፣ መጋዝ ሻጩ ዋጋ ሲጠራ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ወንድሜ ግን ዝም ብሎ አልገዛም። አስነሥቶ ሰማው፤ ሰንሰለቱን በጣቱ ፈተሸ፤ የመለያ ቁጥሩን ከካርቶኑ ጋር አመሳከረ። ሻጩም አስተማረን። ለሃምሳ ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት ይቀላቀላል፤ ዘይቱ ከተረሳ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ተቃጥሎ ይቀራል። ሰንሰለቱ ከደነዘዘ በሞረድ ይሳላል። የመጋዙ አፍንጫ የላይኛው ጫፍ እንጨት ከነካ ደግሞ መጋዙ ወደ ያዘው ሰው ፊት ተስፈንጥሮ ይመለሳል። ይህን ሁሉ እንደ ጎበዝ ተማሪ በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ መኪና። አሮጌ አይሱዙ ነበር የፈለግነው፤ ያ በፍጥነቱ የተነሳ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣለት ዓይነት። ሦስት ቀን ፈጀ፤ ሦስት ቀን! ደላላው ማለ፤ ባለቤቱ ማለ፤ እኛ ግን መካኒክ ይዘን ሄድን። መካኒኩ ከሥር ተኝቶ ባሌስትራውን አየ፤ ፍሪሲዮኑን ሞከረ፤ ካምቢዮውን አዳመጠ፤ የጭሱን ቀለም እንደ ሐኪም መረመረ። ሊብሬውን አገላብጠን አየን፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አስጣራን፤ የሞተር ቁጥሩንና የሻንሲ ቁጥሩን በባትሪ እያበራን አነበብን። ቦሎው ታየ። የሦስተኛ ወገን መድን ተገባ፤ ይህ በ2000 ዓ.ም. በወጣ ዐዋጅ ግዴታ ከሆነ ወዲህ ያለሱ መንገድ መውጣት የለም። ውሉን ምስክሮች ፈረሙበት። ያንን የሻንሲ ቁጥር እኔ እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሰው ቀጠርን። ይህስ ስንት ቀን ፈጀ ትሉኝ እንደሆነ፣ ሩብ ሰዓት።

አምቦ ውስጥ የቀን ሠራተኞች ማለዳ ከሚቆሙበት ቦታ ሄድን። ወንድሜ ከጋቢናው ሳይወርድ «ዛፍ የሚወጣ ማነው?» አለ። አንድ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣ። «ከልጅነቴ ጀምሮ እወጣለሁ» አለ። የቀን ሒሳቡ ተነገረው። «ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። «ና በቃ፣ ውጣ!» ወደ መኪናው ወጣ። መካኒክ አልጠራንም፤ ምስክርም አላቆምንም። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን አላወጣሁም።

ልጁ እውነትም ይወጣ ነበር። በባዶ እግሩ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ገመድ ጠምጥሞ፣ መጥረቢያውን ከወገቡ ሸጉጦ ቅርንጫፍ የሌለውን ለስላሳ ግንድ እንደ መሰላል ይወጣዋል። ወንድሜ በፍቅርም በቀልድም «ጦጣው» ይለው ጀመር። ሁላችንም «ጦጣው» አልነው። እሱም ይስቃል።

ሜዳ ላይ የቆመ ዛፍ መጣል የታወቀ ጥበብ አለው። በሚወድቅበት በኩል አፍ ይከፈትለታል፤ ከዚያ በጀርባው በኩል ትንሽ ከፍ ተብሎ ይቆረጣል፤ መሐል ላይ ሳይቆረጥ የሚተወው ቀጭን እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን በተፈለገበት በኩል ያስተኛዋል። ቤት ላይ ያዘነበለ ዛፍ ግን እንዲህ አይጣልም። ከአናቱ ጀምሮ በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ ሰው የግድ እዚያ ላይ መሆን አለበት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ግቢ ውስጥ ይህንኑ ስንሠራ፣ የተቆረጠው አናት የታሰረበት ገመድ ተጠማዘዘና ቁራጩ ዞሮ መጥቶ ልጁን መታው። ከኩሽናው ቆርቆሮ ላይ አረፈ፤ ከቆርቆሮው መሬት። ወገቡን ከግንዱ ጋር የሚያስር ቀበቶ አልነበረውም። ቀበቶው መርካቶ ውስጥ ነበር። ዋጋውን ጠይቀን «ይቆየን» ያልነው እኔና ወንድሜ ነን።

ጭኑ ተሰብሮ ነበር። ሰፈሩ «ወጌሻ ጋ ውሰዱት» ሲል እኛ በዚያው አይሱዙ ሆስፒታል ወሰድነው። ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ ስሙን ጠየቀችን፤ ነገርናት። «የአባቱ ስም ማነው?» አለች።

እኔ ወንድሜን አየሁት። ወንድሜ ሹፌሩን አየው። ሹፌሩ መሬት መሬት አየ። ልጁ ሕመሙ አፍኖት አይናገርም። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። ከኋላችን ሰልፉ ይንጫጫል። በዚያች ደቂቃ፣ እናንተዬ፣ ወደ አእምሮዬ የመጣው የመኪናው የሻንሲ ቁጥር ነው።

ማታ እኔና ወንድሜ ተጣላን። «እኔ ገፍቼዋለሁ? የቀን ሠራተኛ ነው፤ ራሱ እችላለሁ ብሎ ነው የወጣው» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አገሩ የሚለውን ነው ያለው። እኔ ዐዋጁን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ዘግይቼ። በ1996ቱም፣ እሱን በተካው በዐዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሚለው አንድ ነው፦ ሠራተኛ በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው ይሰጣል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ግን ኃላፊነቱ ይቀራል። ወንድሜ ይህችን ስትነበብ ቀና አለ። «መመሪያ ሰጥተነዋል?» አልኩት። ዝም አለ። ጥሰሃል ለማለት መጀመሪያ መስጠት ያስፈልጋላ!

በሦስተኛው ቀን እናቱ ከገጠር መጡ። ነጠላቸውን አደግድገው በልጃቸው አልጋ ግርጌ ቆሙ። አልጮሁም፤ አልረገሙንም። በኦሮምኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ወንድሜ ለመተርጎም ጊዜ ወሰደበት። «ምን አሉ?» አልኩት። «‹ልጄ ከዛፍ ወደቀ ብለው ነገሩኝ። የማን ሰው ሆኖ እንደወደቀ ግን የነገረኝ የለም› ነው የሚሉት» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪ ጥያቄ መልስ ሳላጣ ኖሬ፣ ለእኚህ እናት ጥያቄ አፌ ተሳሰረ። «የእኛ ሰው ነው» ለማለት የወሰደብኝ ጊዜ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሕክምናውን ከፍለናል፤ በተኛበትም ጊዜ ደሞዙ አልተቋረጠም። ይህን እንደ ደግነት አትቁጠሩልን፤ ዕዳ ነው። አጥንቱ ገጥሟል፤ ግን ትንሽ ያነክሳል፤ ዛፍም አይወጣም። ሰንሰለት መሳል ተምሮ ከእኛው ጋር ነው፤ ሞረዱን ከእሱ እጅ የሚቀማው የለም። «ጦጣው» የሚለው ስም ማንም ሳይከለክለው ቀርቷል። ቀበቶው፣ ገመዱና የራስ ቆቡ ተገዝተዋል። አንድ መዝገብም አለን፤ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ችግር ቢመጣ የሚጠራ ዘመድ ተጽፎበታል። ወንድሜ መጀመሪያ «ቢሮክራሲ!» ብሎ ሳቀብኝ። አሁን እኔ ሳልኖር ራሱ ይጽፋል።

ይህን የምጽፈው ዛፍ ለሚቆርጡ ብቻ አይደለም። እኛ ከተሜዎች መኪና ስንገዛ መካኒክ እንጠራለን፤ ፍሪጅ ስንገዛ ዋስትና ወረቀት እንጠይቃለን፤ ሰው ስንቀጥር ግን «ና በቃ» ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በር የሚከፍትላችሁን ዘበኛ ወይም ራት የምታቀርብላችሁን ልጅ ልብ ብላችሁ እዩ። የአባታቸውን ስም ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ጠይቋቸው። ካርድ ክፍል ደርሳችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት።