ፓኬቱ መንገድ ሳይወጣ

ዛሬ የማወራችሁ በዓይን ስለማይታይ ነገር ነው። ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ ውስጡ ሊኑክስ አለ። የሊኑክስ እምብርቱ ከርነል ይባላል፤ በኔትወርክ የሚመጣውን እያንዳንዱን ፓኬት ተቀብሎ ለባለቤቱ የሚያደርሰው እሱ ነው።

እዚህ እምብርት ውስጥ ራሳችሁ የጻፋችሁትን ትንሽ ፕሮግራም ማስገባት ይቻላል፤ ኢቢፒኤፍ ይሉታል። ፓኬቱ ገና ከኔትወርክ ካርዱ እንደደረሰ «ይለፍ» ወይም «ይጣል» ብሎ የሚፈርደው ዓይነት ኤክስዲፒ ነው። ከርነሉ ፕሮግራሙን ሳይመረምር አያስገባም። ግን የሚመረምረው ማሽኑን እንዳያበላሽ ነው እንጂ ፍርዱ ትክክል መሆኑን አይደለም። ሁሉን ፓኬት የሚጥል ፕሮግራም ምርመራውን በሰላም ያልፋል!

ይህን የምማረው ከዒሻ በኋላ በአሮጌ ላፕቶፕ ነው። ያነሳሳኝ አንድ ወንድም ነው፤ የሚጠብቀው ሰርቨር ሌላ ከተማ ነው ያለው፣ የሚገባበትም በዚያው ኔትወርክ ነው። የተሳሳተ ማጣሪያ ከጫነበት ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደዘጋ ሰው ይሆናል።

መፍትሔው በ2017 በሊኑክስ 4.12 መጣ። አሌክሴይ ስታሮቮይቶቭ የጻፈው፣ ቢፒኤፍ ፕሮግ ቴስት ራን የሚባል ትእዛዝ ነው። በእጃችሁ የሠራችሁትን ፓኬት ትሰጡታላችሁ፤ ፕሮግራሙ እዚያው ከርነሉ ውስጥ ይሠራና ፍርዱ በቁጥር ይመለሳል፦ 1 ይጣል፣ 2 ይለፍ። ሺህ ጊዜ ድገመው ካላችሁት አንዱ ዙር በአማካይ ስንት ናኖ ሰከንድ እንደፈጀ ይነግራችኋል። ገመድም ሁለተኛ ማሽንም አያስፈልግም።

እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። መጀመሪያ ላይ ከርነሉ የተለወጠውን ፓኬት ሲመልስ ያዘጋጃችሁለት ቦታ ይበቃ እንደሆነ አይጠይቅም ነበር። ፕሮግራሙ ፓኬቱን ካስረዘመው ትርፉ ከዕቃው ፈስሶ ሌላ ነገር ላይ ይጻፋል። እናንተ ብትሆኑ እንዴት ታስተካክሉታላችሁ? «ከዛሬ ጀምሮ መጠኑን ያልነገረኝን አላስተናግድም» ማለት ይቀላል። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚታወቅበት ደንብ ግን አይፈቅድም፤ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ከርነል ስለታደሰ ብቻ ዛሬ መሰበር የለበትም። ስለዚህ መጠኑን ባዶ የተወ እንደ ድሮው ይስተናገዳል። መጠኑን የሞላ ደግሞ ቦታው ካነሰ «ቦታ አልበቃም» የሚል ስህተት ከሚያስፈልገው ልክ ጋር ይመለስለታል። ቆንጆ አይደለም፣ አሮጌው አደጋ ለዝምተኛው እንዳለ ነው። እኔ ግን ትክክል እለዋለሁ፤ የማያውቁትን ሰው ፕሮግራም ማክበር ነውና።

አንድ ጉድለት ነበረበት። ፕሮግራሙ «ወደ ሌላ ካርድ ላከው» ብሎ ቢፈርድ 4 ቁጥር ይመለሳል እንጂ ፓኬቱ አይላክም። በ2022 በ5.18 ላይቭ ፍሬምስ የሚባል ምርጫ ተጨመረ፤ ከተበራ ፓኬቱ የእውነት ይወጣል። ካልጠየቃችሁት አለመብራቱ ደግ ነው።

ያ ወንድም አሁን 54 ባይት የሆነች ፓኬት አለችው፤ 14 የኤተርኔት፣ 20 የአይፒ፣ 20 የቲሲፒ። አድራሻዋ ፖርት 22 ነው፣ ራሱ የሚገባበት በር። ለእሷ 2 ካልተመለሰለት ማጣሪያውን አይጭንም።