ጥላው ፊልሙ ላይ ካልተጻፈ

የካሜራ ብርሃን መለኪያ ሰው አያውቅም። ነጭ ነጠላ የተከናነበች ሴት በእኩለ ቀን ፀሐይ ፊቱ ብትቆም የሚያየው ብዙ ብርሃን ነው፤ ሌላ ምንም። የተሠራው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንዲያደርግ ስለሆነ ወደ ፊልሙ የሚገባውን ብርሃን ይቀንሳል። ነጠላው አመድማ ሆኖ ይወጣል፤ ጠይም ፊቷ ደግሞ ዓይንና አፍንጫ የማይለይበት ጥቁር ይሆናል።

በጥቁርና ነጭ ፊልም ፎቶ ማንሣት የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከዚህ መለኪያ ጋር ነው። መፍትሔው ጠጋ ብሎ ፊቷን ብቻ መለካት ነው። እንዲያም ሲሆን መለኪያው ጠይሙን ፊት ከመጠን በላይ ሊያፈካው ስለሚሞክር አንድ እርከን ይቀነሳል። አንድ እርከን ማለት የብርሃኑ ግማሽ ወይም እጥፍ ነው፤ የሹተሩ ፍጥነትም የሌንሱ ቀዳዳም የሚቆጠሩት በዚሁ ነው።

ያለ መለኪያ መሥራትም ይቻላል። ፀሐይ ደምቃ ስትወጣ ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ አድርጎ፣ የሹተሩን ፍጥነት ከፊልሙ አይኤስኦ ቁጥር ጋር ማቀራረብ ነው። ለኢልፎርድ ኤችፒ5 ወይም ለኮዳክ ትራይ-ኤክስ፣ ማለትም ለ400 ፊልም፣ ከሴኮንድ 1/500ኛ መሆኑ ነው። ሰማዩ በደመና ከተሸፈነ ኤፍ 8። ይህን በቃሉ የያዘ ጀማሪ ባትሪው ባለቀበት አሮጌ ካሜራም አይቸገርም።

ከቁጥሮቹ ይልቅ ከበድ የሚለው ከጀርባቸው ያለው ሕግ ነው፦ ሲነሣ ለጥላው፣ ሲታጠብ ለደማቁ ይታሰባል። ፊልሙ ላይ ያሉት ደቃቅ የብር ጨው ቅንጣቶች ብርሃን ሲነካቸው ለዓይን የማይታይ ምልክት ይይዛሉ። የማጠቢያው ኬሚካል፣ ዴቨሎፐሩ፣ ምልክት የያዙትን ወደ ጥቁር ብር ይለውጣል። በጥላው ሥፍራ የተነኩት ጥቂት ስለሆኑ ሥራቸው ቶሎ ያልቃል፤ ደማቁ ሥፍራ ግን ደቂቃ በተጨመረ ቁጥር ኔጋቲቩ ላይ እየጠቆረ ይሄዳል። ስለዚህ ብርሃን ያልደረሰበትን ጥላ ረጅም እጥበት አያድነውም። ሲጠራጠሩ ብርሃን ጨምሮ ማንሣት የሚሻለውም ለዚህ ነው፤ ፊልም ትርፍ ብርሃንን ከጉድለት ይልቅ ይችላል።

አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ይህን ሕግ ከፍሬድ አርቸር ጋር ሆኖ «ዞን ሲስተም» በሚባል ዘዴ አደራጅቶ ያስተማረ ሰው ነው። የራሱ ዝነኛ ፎቶ፣ በኒው ሜክሲኮ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ የሚያሳየው፣ ግን የተነሣው በጥድፊያ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት የመንደሯ መቃብር ነጫጭ መስቀሎች ገና ብርሃን ይዘዋል፤ አዳምስ የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ አጣው። የጨረቃዋን የብርሃን መጠን ግን በቃሉ ያውቅ ነበርና ከዚያ አስልቶ በኤፍ 32 አንድ ሴኮንድ ሰጠው። ለሁለተኛ ፎቶ ሲሰናዳ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ጠፋ።

ኔጋቲቩ አንድ ብቻ ሆነ፤ የፊት ለፊቱ መሬትም ሳስቶ ወጣ። በ1948 እ.ኤ.አ. ያንን ክፍል በኬሚካል አጠናከረው። ሰማዩንም በየዓመቱ ባተመው ቁጥር እያጠቆረው ሄደ፤ በመጀመሪያዎቹ ኅትመቶች ደመና የሚታይበት ሰማይ በኋለኞቹ ከሞላ ጎደል ጥቁር ነው። ፎቶን ከማንሣት በፊት በአእምሮ ጨርሶ ማየት ይገባል ብሎ ያስተምር የነበረ ሰው በዚህ ፎቶ ላይ ለዓመታት ሐሳቡን መለወጡ ተማሪን ሊያጽናና ይገባል። ቀኑን እንኳ አልመዘገበም። ኅዳር 1 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. መሆኑን የሥነ ፈለክ ባለሙያ ከጨረቃዋ አቀማመጥ ነው ያሰላው። ስልክ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል፤ ፊልም ግን አይመዘግብም። ደብተርና እርሳስ የካሜራው አካል ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እጥበቱ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። የሚያስጨንቀው ፊልሙን በድፍን ጨለማ ማጠቢያ ታንኩ ውስጥ በሚገባው ሪል ላይ መጠቅለል ብቻ ነው፤ ለዚህም ጊዜው ያለፈበት ፊልም ገዝቶ በቀን ብርሃን፣ ቀጥሎም ዓይን ጨፍኖ መለማመድ ይበቃል። ታንኩ ከተከደነ በኋላ መብራት ይበራል። ኤችፒ5 ዲ-76 በሚባል ባልቀጠነ ዴቨሎፐር ውስጥ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 7 ደቂቃ ተኩል ይቆያል፣ በየደቂቃው ታንኩ ጥቂት ጊዜ ይገለበጣል። ውኃው ከሞቀ ሥራው ይፈጥናል፤ ድሬዳዋ ላይ የሚያጥብ ሰው በረዶ ያዘጋጃል ወይም ደቂቃውን ያሳጥራል። ከዚያ ማስቆሚያው፣ ከዚያ ምልክት ያልያዘውን የብር ጨው አሟሙቶ የሚያወጣው ፊክሰር፣ በመጨረሻም በውኃ ማለቅለቅ።

ብዙዎች እዚህ ላይ ቆመው ኔጋቲቩን ስካን ያደርጋሉ። የሚያስነቅፍ አይደለም፤ የሚጎድላቸው ግን ኅትመቱ ነው። የፎቶ ወረቀት ቀይ ብርሃን ስለማያይ በቀይ መብራት ሥር ዓይን ገልጦ ይሠራል። የኔጋቲቩን ምስል ወረቀቱ ላይ በሚያሳርፈው ማጉያ ሥር ወረቀቱን በካርቶን ሸፍኖ በየ5 ሴኮንዱ እየገለጡ ብርሃን ማሳየት፣ ከዚያም ነጩ ልክ የመጣበትን ሰቅ መምረጥ፤ ንጽጽሩ ከላላ ወይም ከበረታ ከ00 እስከ 5 ባሉት ማጣሪያዎች ማስተካከል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። ቀይ መብራት ኅትመቱን ከእውነቱ አጥቁሮ ስለሚያሳይ ደንግጦ ወረቀቱን ከዴቨሎፐሩ ቶሎ ያወጣዋል፤ ነጭ መብራት ሲበራ ጥቁር የሚባል ነገር የሌለበት ጭጋግ ይሆናል። ወረቀቱ ደቂቃውን ይጨርስ፤ ከጠቆረ የሚቀነሰው በማጉያው ሥር ከተሰጠው ሴኮንድ ነው።