ስለ ግማሽ መንገድ

እንግሊዝኛ ለሚያስተምር ሰው ከሰዋስው ይልቅ የሚያስቸግረው የክርክርና የስምምነት ቋንቋው ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ስኖር የግሡን እርባታ አጥርቶ የሚያውቅ ተማሪ፣ አንድ እንግሊዛዊ «ዋጋውን ትንሽ ዝቅ ታደርጉልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር» ያለውን አንብቦ፣ «ነበር ካለማ ተስፋውን ትቶታል» ብሎ ሲተረጕም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰውዬው ግን ተስፋውን አልተወም፤ ክርክሩን ገና መጀመሩ ነው። የሚፈልገውን ነገር በኃላፊ ጊዜ የሚናገረው፣ እንቢ ቢሉት ኀፍረቱ ዐብሮ ያለፈ ነገር ሆኖ እንዲቀርለት ነው። እንዲሁም እንግሊዞች «ከአክብሮት ጋር» ብለው የጀመሩት ንግግር አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው «ተሳስተሃል» በማለት ነው። «እፈራለሁ» ሲሉም የሚፈሩት ነገር የለም፤ አይሆንም ማለታቸው ነው።

ይህን ጨዋነት አልነቅፈውም። የእኛም ገበያ የራሱ አለው። ገዢዋ «የመጨረሻውን ንገሪኝ» ስትል ሻጪቱ «አያዋጣኝም» ትላለች፤ የመጨረሻው ዋጋ የመጨረሻ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የተነሡት ኩዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖች ግን፣ ሊሸጥበት ያላሰበውን ዋጋ የሚጠራ ነጋዴ ሐሰት ተናጋሪ ነው ብለው ቈረጡ። ስለዚህ በሱቃቸው አንድ ዋጋ ብቻ አቁመው ከዚያ አንወጣም፣ አንወርድም አሉ። ሕዝቡም በመጀመሪያ ሸሻቸው፤ በኋላ ግን ልጅ ተልኮ እንኳ ቢገዛ እንደማይታለል ባየ ጊዜ ወደ እነሱ ጐረፈ። እኔም የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ስለ ሆንሁ ልቤ ወደ እነሱ ያደላል። ነገር ግን በገበያቸው አንድ የሚጐድል ነገር ይታየኛል፤ ምርቃት የለበትም። እናቴ ሽንኵርት ገዝታ ዋጋው ካለቀ በኋላ «በይ መርቂልኝ» ትል ነበር፤ ሻጪቱም ሁለት ሦስት ራስ ትጨምርላታለች። እንግሊዝኛም ከስምምነቱ በላይ ለሚገኝ ነገር መጠሪያ አለው፤ «ኢንቱ ዘ ባርጌን» ይለዋል። ይሁን እንጂ ያ አነጋገር ዛሬ «በዚያም ላይ» ከማለት ስለማያልፍ፣ ዝናም መታኝ፣ በዚያም ላይ ጫማዬ ተቀደደ ለማለት ያገለግላል። የእኛው ግን ቡራኬነቱን ገና አልለቀቀም።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «ኮምፕሮማይዝ» ምን ማለት ነው እያሉ ነበር። ጋዜጦቻችን «ሰጥቶ መቀበል» ይሉታል፤ ደግ ትርጕም ነው፣ ግን የቃሉን ግማሽ ብቻ ይዟል። ቃሉ ከሮማይስጥ የመጣ ሲሆን የጥንት ትርጕሙ ዐብሮ ቃል መግባት ነው፤ ይኸውም ሁለት ባለጋሮች የመረጡት ዳኛ የሚፈርደውን ሊቀበሉ በአንድነት ቃል ሲሰጡ ነው። የእኛን ሽምግልና የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ግን ያው ቃል በእንግሊዝኛ ሌላ ፊት አለው። የሰው ስም ጐደፈ፣ የምሽግ ምስጢር ለጠላት ወጣ፣ ዛሬም የኮምፒውተር የምስጢር ቃል በሌባ እጅ ገባ ለማለት «ኮምፕሮማይዝድ» ይላሉ። ተማሪው እንግዲህ ይደናገራል፤ አስማሚ ነው ወይስ አሳፋሪ? እኔም «ማን የሰጠውን፣ ከማን ላይ ወስዶ እንደ ሆነ እይ» እለው ነበር።

አሜሪካኖች በ1787 (እንደ እነሱ አቈጣጠር) በፊላደልፊያ ተሰብስበው ሕገ መንግሥታቸውን ሲጽፉ ያደረጉት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የደቡብ ክፍለ ሀገሮች በምክር ቤት ብዙ ወንበር ለማግኘት ሲሉ ባሮቻቸው በሙሉ ከሕዝቡ ቍጥር እንዲገቡላቸው ፈለጉ፤ ከሰሜን የመጡት ይህን እንቢ አሉ። በመጨረሻ ባሪያው የሰው ሦስት አምስተኛ ሆኖ ይቈጠር ተባለና ተስማሙ። እንደ ገበያ ካየነው ሁለቱም ወገኖች ቀንሰዋል፣ ሁለቱም ጨምረዋል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀነሰው ሰው ግን አልተጠራም ነበር። ያም ቍጥር የተሻረው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1868 ነው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ከጥቂት ዓመት በፊት የተሸመገልሁበት የአንድ ቤተሰብ ነገር ነው። እናታቸው ደሴ ላይ አንድ ቤት ትታ ዐረፈች። ሁለት ወንዶች ልጆቿ በአሜሪካ ይኖራሉ። ሴቲቱ ልጅ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት እናቷን አንሥታ እየጣለች፣ ሳታገባ እዚያው ቤት ቀርታለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን በእኩል ስለሚያወርስ ወንዶቹ ድርሻችን ቢሉ ሌባ የሚላቸው የለም። ታላቅየው ዛሬውኑ ይሸጥ አለ፤ ታናሽየው ደግሞ ዋጋ እስኪጨምር ሁለት ዓመት ይቆይ አለ። በመጨረሻ በእንግሊዝኛ ተጻጽፈው «ግማሽ መንገድ ላይ ተገናኘን፤ በዓመቱ ይሸጣል፤ ጋሼ ለእኅታችን ያስረዱልን» የሚል መልእክት በስልኬ ላኩልኝ።

የእንግሊዝኛው ጽሑፍ እንከን አልነበረበትም። «ሪዝነብል» የሚል ቃል ሦስት ጊዜ ገብቶበታል። ግን ግማሽ መንገድ የሚለካው ሁለት ሰዎች ከቆሙበት ቦታ ነው፤ በመሸጥና በመሸጥ መካከል ያለው ግማሽ ያው መሸጥ ነው። አልሸጥም የምትለው ሦስተኛዋ የቆመችበት ቦታ በልኩ ውስጥ አልገባም።

እኔም «ልጆቼ፣ የአስተርጓሚነቱን ሥራ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ይህንኑ ነገር በአማርኛ ለእሷ ንገሯት» ብዬ መለስሁላቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረን ቤቷ ተቀመጥን፤ ስልኩም ተደወለ። ታላቅየው በእንግሊዝኛ የጻፈውን በአማርኛ ሊናገር ጀመረ። «እቴ፣ ያው... በዓመቱ...» ብሎ ቆመ። «ከቤቱ ትወጫለሽ» የሚለውን ቃል ነበር የሚፈልገው፤ አፉ ግን አልታዘዝለት አለ። እሷም አላለቀሰችም፤ «እናታችንን የማጥብበት ገንዳ ገና በረንዳው ላይ ነው፤ እሱንም አብራችሁ ሽጡት» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ አራት እሑድ ፈጀ። ቤቱ አልተሸጠም። በመንገዱ በኩል ያሉት ሁለት ክፍሎች ተከራዩና ኪራዩ ለወንዶቹ ሆነ፤ እሷም በሕይወቷ እስካለች የጓሮውን ክፍልና ማድ ቤቱን ይዛ እንድትኖር ተስማሙ። ታናሽየው ተበደልሁ ማለቱን እስከ ዛሬ አልተወም፤ በገንዘብ ብቻ ቢሰላ እውነቱን ነው። የስምምነቱን ወረቀት በሁለቱ ቋንቋ የጻፍሁት እኔ ነኝ። በእንግሊዝኛው ራስጌ ላይ የትኛውን ቃል ላድርግ ብዬ ጥቂት ካሰብሁ በኋላ «ኮምፕሮማይዝ» ብዬ ጻፍሁና፣ ከሥሩ ሦስቱም እንዲፈርሙ አደረግሁ፤ በመጀመሪያ የፈረመችው እሷ ናት።